የአዮ ዑምራና የጓደኛችን ጥያቄ



የሴሚስተር ዕረፍት በመጣ ቁጥር ከዚህ ግቢ ወደ ቦርደዴ የምንሄደው አራት ነን። ሦስታችን ኢንጂነሪንግ፣ አንዳችን ፋርማሲ እንማራለን። ቦርደዴን ብዙዎቻችሁ በመኪና መስኮት ታውቋት ይሆናል፤ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። ወደ ጭሮና ሐረር የሚወጣው ሁሉ ያልፋታል፤ ወርዶ ሻይ ይጠጣል፣ በሙቀቱ ይማረራል፣ ይሄዳል። እኛ ያደግነው መንገደኛ ሲያልፍ እያየን ነው።

ልጆች ሆነን ማለዳ ሉሕ ይዘን ቁርአን ቤት፣ ከዚያ ደብተር ይዘን የመንግሥት ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። ዐረብኛውን ከሸኻችን፣ ቁቤውን፣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ከመምህራኖቻችን አገኘን። ሰፈሩ ይህን አይረሳም። ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ ለዕረፍት ስንመጣ ወረቀት ያለው ሁሉ ወደኛ ይመጣል፤ የባንክ፣ የሐኪም ቤት፣ የፍርድ ቤት። ባለፈው ዓመት ዕረፍት ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች የቪዛ ጉዳይ ይዘውልን መጡ። አንዱን አበላሽተን በኋላ አስተካከልነው። ሌላው ግን እስካሁን ከልባችን አልወጣም። የምንጽፈው ስለ ሁለቱ ነው።

መጀመሪያ የመጡት አዮ ናቸው። አዮ በኛ አገር እናት ማለት ነው፤ እኚህ ግን የሰፈሩ ሁሉ እናት ናቸው። ፌስታል ይዘው መጡና ምንጣፉ ላይ ገለበጡት፦ ፓስፖርት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ ስድስት ጉርድ ፎቶ። «ልጆቼ፣ ኢንሻአላህ በረመዳን ዑምራ ልሄድ ነው። ጉዳዩን የሚጨርስልን ሰው አዲስ አበባ አለ፤ ፎርሙን ሞልታችሁ በስልክ ላኩልኝ ብሏል» አሉን። ለስንት ዓመት ፍየል እየሸጡ ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው። የወንድማቸው ልጅ አብሯቸው ይሄዳል።

ቁጭ ብለን የሚጠየቀውን በየተራ አየን። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆን አለበት፤ የአዮ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። የማጅራት ገትር ክትባት ለዑምራም ለሐጅም ግዴታ ነው፤ እዚያ ከመድረሳቸው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ከሚያሰጋቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች የዚያም ካርድ ይጠየቃል። የቢጫ ወባው ካርድ ቀድሞ ለ10 ዓመት ብቻ ነበር የሚያገለግለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ይህን የነገረን ፋርማሲ የሚማረው ወንድማችን ነው፤ የዚያን ቀን ትምህርቱ ለአዮ ጠቀመና ደስ ብሎት ዋለ።

ስም ላይ ተጠነቀቅን። በኛ ክልል ይህ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ነው። መታወቂያው በቁቤ፣ ፓስፖርቱ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። ፋጡማ የሚለውን ስም ውሰዱ፤ በቁቤ «ጡ» የምትጻፈው በኤክስ ነው፣ ፓስፖርት ላይ ግን በቲ። ለኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ ስሙን ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ገለበጥን። ትውልድ ቀን ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። በስልክ ባትሪ ቀጠልን፤ አንዳችን ያነባል፣ ሌላችን ይጽፋል። ጨርሰን ላክን። አዮ መረቁን፣ ሻይና ብስኩት ላኩልን። ትልቅ ሥራ የሠራን መሰለን።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛችን መጣ። እስከ አሥረኛ ክፍል አብረን ተምረናል፤ ቁርአን ቤትም በአንድ ሰልፍ ተቀምጠናል። አሁን መንገዱ ዳር ጎሚስታ ቤት ነው የሚሠራው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «የአዮን ሞልታችሁ የለ? ለኔም ሙሉልኝ» አለን።

«ማሻአላህ፣ ዑምራ ልትሄድ ነው?»

«ልሄድ ነው። አልመለስም እንጂ።»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ የሳዑዲ የቱሪስት ቪዛ በኢንተርኔት በደቂቃዎች ይገኛል የሚል ቪዲዮ አሳየን። ቪዲዮው አልዋሸም፤ ግን ለሁሉም ፓስፖርት አይደለም። ሳዑዲ ይህን ቪዛ በመስከረም ወር 2019 እ.ኤ.አ. ስትከፍት ለ49 አገሮች ነበር፤ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። በኋላ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ ወይም የሸንገን ቪዛ ኖሮት የተጠቀመበት ሰው እንዲያገኝ ተፈቀደ። ከቦርደዴ ጎሚስታ ቤት ይህን የሚያሟላ የለም። ይህን ስንነግረው፣ «ታዲያ የቀረችው ዑምራ ናት። 90 ቀን ትሰጣለች ይባላል። ከገባሁ በኋላ ሥራ አላጣም። እናንተ እምቢ ካላችሁ በኦቦክ ነው» አለ።

ዝም አልን። በኛ አገር ኦቦክ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። የጅቡቲ ባሕር ዳር ናት፤ ልጆቻችን ወደ የመን በጀልባ የሚሻገሩባት። ኤፕሪል 2024 ብቻ በዚያ ባሕር ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰው አልቋል፤ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ተሻግሮ የደረሰውም ቢሆን አያርፍም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ እኛ ሕፃናት ነበርን፤ ከየቤቱ የተመለሰ ሰው ነበር። የጓደኛችን አጎት ከነሱ አንዱ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ እርስ በርስ ተከራከርን። አንዳችን፣ «ሰው ከባሕር የሚያድን ውሸት ከሆነ ምን አለበት? ገብቶ ዑምራውንም ያደርጋል» አለ። ሌላችን፣ «የጉዞው ዓላማ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ዑምራ፣ መቼ ትመለሳለህ ሲል ቀን እንጽፋለን። የምንጽፈው እኛ ነን» አለ። መስማማት ስላቃተን ከመግሪብ በኋላ ወደ ሸኻችን ሄድን።

ሸኻችን ጨርሰን እስክንናገር ዝም ብለው አዳመጡን። ከዚያ፣ «ልጁ የጠየቃችሁ ፎርም እንድትሞሉለት ነው ወይስ እንድትመሰክሩለት?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ቀጠሉ፦

«በስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለዑምራ ወጡ። 1,400 ያህል ሶሐባ አብሯቸው ነበር። ኢሕራም ለብሰዋል፣ የሚታረደውም ከብት ከፊታቸው ይነዳል። ሁደይቢያ ላይ ተከለከሉ። ውል ይጻፍ ተባለ። ውሉ ላይ የአላህ መልእክተኛ የሚለውን አንቀበልም አሉ፤ ዐሊይ (ረ.ዐ) ማጥፋቱ ከበደው፤ ረሱል ራሳቸው አስጠፉትና የአብደላህ ልጅ ሙሐመድ ተብሎ ተጻፈ። ውሉ ምን አለ? ዘንድሮ ተመለሱ፣ ለከርሞ ኑ፣ ስትመጡ ሦስት ቀን ብቻ ትቆያላችሁ አለ። በዓመቱ መጡ። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ቁረይሾች ጊዜው አብቅቷል፣ ውጡልን ብለው ላኩባቸው። ወጡ።»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «መካ የማን አገር ናት? የተወለዱባት፣ የተሰደዱባት አገራቸው ናት። አራተኛ ቀን ማደር የሚገባው ሰው ቢኖር እርሳቸው ነበሩ። ለሦስት ቀን ብለው ገቡ፣ በሦስት ቀን ወጡ። ዑለማዎቻችን የጠላት አገር እንኳ በአማን የገባ ሙስሊም ሊከዳቸው አይፈቀድም ብለዋል፤ ኢብኑ ቁዳማን አል-ሙግኒ ላይ ተመልከቱ። ቪዛ የዘመኑ አማን ነው። ፎርሙ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ቃል ነው» አሉን።

ልንነሳ ስንል መለሱን። «ቆይ፣ አልጨረስኩም። ልጁን አይሆንም ብላችሁ ልትመልሱት ነው። መልካም። ሌላ በር አሳይታችሁታል?»

«እናጣራለን፣ ሸኽ» አልን።

ለጓደኛችን አይሆንም አልነው። ሕጋዊውን መንገድ አጣርተን እንደውልልሃለን አልነው። ተቆጣ፤ ግን ጎማ የሚያስነፋ ሚኒባስ ቆሞ ስለነበር ብዙ አልተናገረም። በማግስቱ ወደ ግቢ ተመለስን። ምዝገባ ነበር፣ ላብ ነበር፣ ረመዳንም ገባ። አላጣራንም፤ አልደወልንምም።

የአዮ ነገር የታወቀው ግቢ ከገባን በኋላ ነው። ማመልከቻው ተመለሰ፤ ትውልድ ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም ተባለ። የላክነውን አውጥተን አየነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው 1958 ነው። እኛ የጻፍነው 1950 ነው። በዚያ በጨለማው ሰዓት ያነበበው ልጅ ቀኑንና ወሩን ከፓስፖርቱ፣ ዓመቱን ግን ከቀበሌ መታወቂያው አንብቧል። መታወቂያው በኢትዮጵያ፣ ፓስፖርቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሲቀላቀሉ ግን ሐሰት ሆኑ። ስህተቱ የማንም አልነበረም፣ የኛ ነበር።

ያን ቀን ማታ ከመሐንዲስነታችን የተነሳ ይሁን ከጸጸት፣ ፓስፖርቱ ራሱ እንዲህ ያለውን ስህተት እንዴት እንደሚይዝ ስናጠና አመሸን። ከፎቶው ገጽ ግርጌ ሁለት መስመር አለ፤ እያንዳንዱ 44 ፊደልና አሃዝ ነው። ማሽን የሚያነበው እሱን ነው። ትውልድ ቀን በዓመት፣ በወር፣ በቀን ተራ በስድስት አሃዝ ይጻፋል፤ ሰባተኛዋ አሃዝ ማረጋገጫ ናት። ስድስቱን አሃዞች በየተራ በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 አባዝተህ ትደምራለህ፤ ድምሩ ለ10 ሲካፈል የሚተርፈው ማረጋገጫው ነው። የአዮ 580101 ነው፤ ድምሩ 67፣ ቀሪው 7። ፓስፖርታቸውም ላይ ያለችው 7 ናት። እኛ የጻፍነውን 500101 ብናሰላ ድምሩ 43፣ ቀሪው 3 ይሆናል። ማሽኑ አዮን አያውቃቸውም። ፍየላቸውን፣ ሶላታቸውን፣ የሰፈሩ እናት መሆናቸውን አያውቅም። ወረቀቶቹ ስለ አንድ ሰው አንድ ቃል መናገራቸውን ብቻ ያያል። ይህን ካወቅን በኋላ ማሽኑ ላይ መቆጣት አልቻልንም።

ማመልከቻው እንደገና ተሞላ፤ የረመዳኑ ቦታ ግን አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ዑምራ ይዘጋል። ለአዮ ማን ይንገራቸው? ዕጣ እንጣል እስከማለት ደረስን። በመጨረሻ አራታችንም ስልኩን በድምጽ ማጉያ አድርገን ደወልን፤ አጥፍተናል፣ አዮ፣ ይቅር በሉን አልን።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ሸኹ ባለፈው ጁሙዓ የሁደይቢያን ነገር አስተምረው ነበር» አሉ። «ረሱልም ከበር ተመልሰዋል። እኔ ማን ነኝ? ለከርሞ ይባል።» ስልኩን ከዘጋን በኋላ አንዳችን ወጥቶ ሄደ፤ ዐይኑን እንዳናይበት ነው።

ከሐጅ በኋላ ዑምራ ሲከፈት ቪዛቸው መጣ። በክረምቱ ዕረፍት ቤት ነበርንና እኛው ሸኘናቸው። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ምሽት ግን ሌላ ነገር ሰማን። ጓደኛችን ከዒድ በኋላ ለማንም ሳይናገር ወጥቷል። ሁለት ወር ድምፁ አልተሰማም ነበር። ያን ሰሞን ከየመን የድምፅ መልእክት ላከልን። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። «ደህና ነኝ። ለእናቴ ንገሩልኝ። ወደ ላይ ልንሄድ ነው። አዮ ሄዱ?» ይላል። ወቀሳ የለበትም። ቢወቅሰን ይሻለን ነበር።

ውሸቱን አለመጻፋችን ትክክል ነበር ብለን ዛሬም እናምናለን። በዑምራ ቪዛ ገብቶ የቀረ ሰው ተደብቆ ነው የሚኖረው፤ ታሞ ሐኪም ቤት፣ ተበድሎ ፖሊስ ጋ መሄድ ይፈራል። በተያዘ ቀን ቅጣት፣ እስርና መባረር አለ። የሱ መጥፋት ደግሞ ከኋላው ለሚያመለክቱ የአገሩ ልጆች በሩን ያጠብባቸዋል። ግን የሸኻችን ጥያቄ ሁለት ክፍል ነበረው፤ እኛ የመለስነው አንዱን ብቻ ነው። ሐሰተኛውን በር ዘጋን፤ እውነተኛውን አላሳየነውም።

ያኔ ያላጣራነውን በኋላ አጣራን። ለውጭ አገር ሥራ አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ፤ በ1246/2013 ተሻሽሏል። ሠራተኛው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ የሥራ ውሉ በመንግሥት ይጸድቃል። የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ነው። ስለዚህ ለቪዛ ክፈል የሚል ደላላ ሲመጣ ውሸታም መሆኑ ከመጀመሪያው ቃል ይታወቃል። በሩ ሰፊ አይደለም፤ አብዛኛው የቤት ሠራተኛ ሥራ ስለሆነ ለወንድ ልጅ ይበልጥ ይጠባል። ጓደኛችን ቢያውቀው ይጠብቅ ነበር ብለን አንምልም። ግን ሳያውቀው ነው የሄደው፤ ያ ደግሞ ከኛ የሚጠየቅ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ግቢ ከቦርደዴ፣ ከአሰቦት፣ ከሚኤሶ፣ ከጭሮ፣ ከገለምሶ፣ ከበደሳ የመጣን ብዙ ነን። በየሰፈራችን ፎርም አንባቢ ተብለን የምንጠበቅ እኛ ነን። ለመጪው ዕረፍት በቦርደዴ መስጊድ ግቢ፣ ከዐስር እስከ መግሪብ፣ አንድ ጠረጴዛ ይዘን ልንቀመጥ ተስማምተናል። እናንተም በየከተማችሁ እንድትቀመጡ እንለምናለን። ከስህተታችን የተማርነውን እነሆ፦

ሁሉንም ነገር ከፓስፖርቱ ላይ ብቻ ገልብጡ፤ መታወቂያውን ወደ ፌስታሉ መልሱት። የሞላ ሰው ሌላ ነው፣ የሚያመሳክር ሰው ሌላ ይሁን፤ በብርሃንም ይሁን። የፓስፖርቱን ማብቂያ ቀን ከትኬት በፊት እዩ፤ ክትባቱን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩ። ዑምራ ሄደው ሐጅ ለመቆየት የሚያስቡ ካሉ አስጠንቅቁ፤ የዑምራ ቪዛ ለሐጅ አያገለግልም። በ2024ቱ ሐጅ በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ ከሞቱት 1,301 ሰዎች 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸው እንደሆኑ የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል። ያለ ፈቃድ የወጣ ሰው የሚያርፍበት ድንኳንና የሚሳፈርበት አውቶቡስ ስለሌለው በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። በ2025 ደግሞ ያለ ፈቃድ ሐጅ ሲያደርግ ለተያዘ እስከ 20,000 ሪያል ቅጣትና ተባሮ ለ10 ዓመት መታገድ ተደንግጓል። አላህ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ሐጅን ግዴታ ያደረገው መንገዱን በቻለ ሰው ላይ ነው፤ ፈቃድ ማግኘትም ከመቻል አንዱ ነው። ስማርት ስልክ መጠቀም ለማይችሉ እናቶችና አባቶች መዲና ላይ ወደ ረውዳ መግቢያ ፈቃድ ኑሱክ በሚባለው መተግበሪያ እንደሚያዝ አስቀድማችሁ ለአብሮ ሂያጁ አሳዩት። የሚዋሽላችሁን አጥታችሁ ለሚመጣው ወጣት ደግሞ አይሆንም ብላችሁ አታሰናብቱት። አስቀምጡት፤ የሚሆነውንም ንገሩት። የማታውቁት ከሆነ ቀን ቆርጣችሁ አጣሩ፤ ደውሉም።

አዮ ሲሄዱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለዱዓ ስሙን አስያዛቸው። አዮ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ የስሙን ዝርዝር ወረቀት ላይ የጻፍነው እኛ ነን፣ ከዕባ ፊት የሚያነብላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው። የጓደኛችንን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ መጀመሪያ ላይ ጻፍነው። አንዳችን ጻፈ፣ ሌላችን አመሳከረ።

አላህ በባሕርም በየብስም ያሉትን ይጠብቅልን፤ በእጃችን የሚሰጠንን አማና የምንወጣ ያድርገን። አሚን።